ቀድሞ የሚነቃ፣ መጨረሻ የሚተኛ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ከሰዓት ሕፃናቱ አልተኙም። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ አንዱ ይነሣል፣ እሱን አስተኛሁ ስል ሌላው… መጨረሻ ላይ ተውኩት። ፍራሾቹን አጣጥፌ ሁሉንም መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸውና አብረን ዝናብ ስናይ ዋልን። የሕፃናት ማቆያችን ኃላፊ በበሩ ስታልፍ አየችን። ምንም አላለችም። እግዜር ይስጣት።

አዲስ ሕፃን ገብታለች። ገና ሦስት ቃል አገጣጥማ አትናገርም፣ ትእዛዝ ግን ታውቅበታለች። «ስጪ።» «ክፈች።» «ተይ።» ገና በዋለችበት ቀን እሜቴ የሚል ስም ወጣላት። እናቷ ስታስረክበኝ ታለቅስ ነበር። ልጅቷ አይደለችም፣ እናቲቱ። «እቀፊያት፣ ቶሎ ትረሳዋለች» አልኳት። ለሁሉም የምለው ነው። አቀፈቻት… ከዚያ አፍንጫዋን እየጠረገች «እርስዎስ ልጅ አለዎት?» አለችኝ።

ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ውኃም አልቀዳሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

አለኝ? ነበረኝ? የትኛው ነው የሚባለው?

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

እህቴ መጣች። ድስቶቼን ሁሉ አጠበች፣ ያልቆሸሸውን ጭምር። ከዚያ የተለመደውን አነሣች። ልምጣና አብሬሽ ልኑር፣ ክፍሉ እንደሆነ ባዶ ነው… «እታለም፣ እንዲህ ብቻሽን ስትንቆራጠጪ ግድግዳው ራሱ ይሰለችሻል» አለች።

ክፍሉ ባዶ አይደለም አልኳት። ምን አለበት አለች። 

ያለው ይኼ ነው። የልጄ አልጋ። ጠረጴዛዋ። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯ፣ በሰማያዊው ሻርፗ እንደጠቀለልኩት። አቧራ እንዳይገባበት ነው ያልኩት ያኔ።

እህቴ ያልገባት፣ የጎደለኝ ግድግዳው ነው። በእኔና በልጄ ክፍል መካከል ያለው ስስ ነው፣ ሳል እንኳ ያሳልፋል። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ «እማ፣ ነቅቻለሁ» ትለኛለች በግድግዳው። ማታ መብራቷን ስታጠፋ «እማ፣ ልተኛ ነው፣ ደህና እደሪ»። ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ትልቅ ሴት ሆና እንኳ አልተወችውም። እኔ ደግሞ «እሺ» እላለሁ። እሺ ብቻ። እንዲህ ያለ ነገር ያልቃል ብሎ ማን ያስባል?

የዚያን ቀን ጠዋት ቸኩላ ወጣች። መኪናው… አልጽፈውም። ደህና ዋይ አላለችኝም። በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው የሰማሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

በሩ ተንኳኳ። መነጽር ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ የነበሩት። ስሙን አውቀዋለሁ፣ በዚህ ቤት ግን እሷ ባወጣችለት ነው የሚጠራው። ለመጨረሻ ያየሁት በቀብሯ ቀን ነው፣ ከሰው ተለይቶ ጥግ ቆሞ።

ተቀመጥ ብለው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፣ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። የዓይኑን መስታወት በሸሚዙ ይወለውላል፣ ያደርጋል፣ መልሶ ያወልቃል።

የመጣበት ጉዳይ እንዲህ ነው። ቢሯቸው ለጤና ጣቢያዎች የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚሠራው። ሰርቨር የሚሉት ትልቁ ማሽናቸው አርጅቷል፣ በአዲስ እየቀየሩት ነው። በውስጡ ያሉት ሥራዎች ወደ አዲሱ ይዛወራሉ። የመድኃኒት ቆጠራው ተዛውሯል። የሠራተኞች ተራውም። የልጄ ግን እምቢ አለ። የልጄ ሥራ የክትባቱ መልእክት ነው፣ የሕፃን ክትባት ሲደርስ በእናቶች ስልክ የሚመጣው። አለቃቸው አሮጌው ሰኔ መግቢያ ላይ ይዘጋል፣ እስከዚያ ያልተነሣ ይቀራል ብሏል። በልጄ ሥራ ፋንታ ሌላ፣ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ይገባል።

«ሰርቨሩ ላይ ያለው የተጋገረ ዳቦ ነው» አለኝ። «ለማስተካከል ሊጡ፣ እሷ የጻፈችው ራሱ፣ ያስፈልገኛል። የመጨረሻው ሊጥ ያለው እሷ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ልውሰደውና ልመልሰው፣ እናቴ?»

አይሆንም አልኩት። እንዲህ በደረቁ። ከዚህ ቤት ወጥቶ ያልተመለሰው ይበቃኛል…

ተነሣ። አልተቀየመም። በሩ ላይ ሲደርስ ሆዴ አልቻለም። አይወጣም አልኩ እንጂ አይነካም አላልኩም አልኩት። እዚሁ መጥተህ ሥራ። እሑድ እሑድ፣ እኔም የማርፈው ያን ቀን ነው።

ከሄደ በኋላ መልእክቱን አስታወስኩት። ማቆያው በር ላይ ስንት እናት አሳይታኛለች። «ነገ የልጅዎ ክትባት ነው። ካለቀሰ እቀፉት፣ ቶሎ ይረሳዋል።» ልጄ ከእኔ አፍ ነጥቃ የጻፈችው። መጀመሪያ ሳየው ሳትከፍዪኝ ቃሌን ወሰድሽ ብዬ ስቄባት ነበር።

ይህ ይቅር?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ሁለት ሕፃናት አተኮሳቸው። እናቶቻቸው እስኪመጡ አንዱን በጀርባዬ፣ አንዱን በጭኔ። ጀርባዬ ዛለ። ደግ ነው፣ የዛለ ጀርባ እንቅልፍ ያመጣል።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሻርፑን ፈታሁ። አጣጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። መነጽር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እግዜር ይስጠው።

መክፈቻ ቃሉን ያውቀዋል፣ አብረው ይሠሩ ስለነበር። በልጄ ወንበር አልተቀመጠም። ሌላ ወንበር ከሳሎን አመጣ። ይህንም አየሁለት።

እኔ አጠገቡ ካልሲ እጥፋለሁ። ምንድን ነው የምታየው አልኩት። ሰው ሲጠይቀው ደስ ይለዋል፣ ከእኔ የባሰ ለፍላፊ ኖሯል። ኮምፒውተሩን የሚያዙበት ቋንቋ ጃቫ ይባላል። ሰርቨሩ ውስጥ ከሁሉ ሥር ከርነል የሚባል አለ። ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ሁሉን የሚያስነሣው እሱ ነው። በእሱ ላይ ኮንቴይነሮች ይቆማሉ። ኮንቴይነር ሲለኝ እኔ የታየኝ መንገድ ዳር ያለው፣ ጫማ ሰፊው የሚሠራበት የብረት ሳጥን ነው። ነገርኩት። ሳቀ፣ ግን ብዙም አልራቁም አለ። ጫማ ሰፊው መብራቱን ከሳጥኑ ያገኛል፣ መደርደሪያውን ከሳጥኑ፣ ቁልፉን ከሳጥኑ። እሱ የሚያውቀው ጫማ መስፋት ነው። ያ ጫማ ሰፊ አፕሊኬሽን ይባላል። ልጄ የጻፈችው እሱን ነው።

«ከርነሉስ?»

«ከርነሉ ሳጥኖቹን ያቆማል። ውስጥ ማን ምን እንደሚሰፋ አያውቅም፣ አይጠይቅምም።»

ሁሉም በአንድ ሳጥን ቢሠሩ ምን ነበረበት አልኩት። የመድኃኒቱ ሥራ ሲወድቅ የክትባቱን ይዞት እንዳይወድቅ ነው አለኝ። ይሄ ገባኝ። እኛስ ያተኮሰውን ሕፃን የምንለየው ለምንድን ነው?

እንዲያውም ማቆያው ቁርጥ እሱን ነው። ኃላፊዋ ቀድማ መጥታ ግቢውን ትከፍታለች፣ ክፍሎቹን ትከፍታለች። የእያንዳንዱን ሕፃን አመል አታውቅም። ለዚያ በየክፍሉ እኛ አለን። ሕፃኑ ወተት ፍለጋ ወደ ጓዳ አይሄድም፣ እኛ እናቀብለዋለን። ተነሥ ስንለው ይነሣል፣ ተኛ ስንለው… አንዳንዴ ይተኛል። ይህን ስለው መነጽር እስኪያስለው ሳቀ። አንዳንዴ ይተኛል ያልሽው ለአፕሊኬሽንም ልክ ነው አለ፣ «አንቺ» ማለቱን ሳያውቀው። ከዚያ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። ተወው አልኩት።

ደንባቸውም እንደዚያ ነው አለኝ። አፕሊኬሽኑ ኮንቴይነሩን አያዝም። ኮንቴይነሩ ነው እሱን የሚያዘው። ተዘጋጅ፣ ተነሥ፣ ተኛ። ከርነሉ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይነቃል፣ ከሁሉ መጨረሻ ይተኛል።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «እናት ነዋ» አለችው። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማራችሁት?»

ከዚያ መነጽር የልጄን ሥራ እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ አስነሣው። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ፣ መስመር በመስመር። ከርነል ተነሥቷል። ኮንቴይነር ተነሥቷል። ቀጥሎ…

«እማ፣ ነቅቻለሁ።»

ካልሲው ከእጄ ወደቀ።

መነጽር ከእኔ ይብስ ደነገጠ። የማውቅ መስሎት ነው። እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ሲነሣ መነሣቱን በአንድ መስመር ይናገራል። ሌላው ሰው «ተነሥቷል» ብሎ ይጽፋል፣ ልጄ እንዲህ ብላ ጻፈች። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ይሳሳቁበታል። «እማ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለኝ።

አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው፣ አይቼው የማላውቀው፣ ያውቀኝ ነበር። ተመስገን።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሽማግሌው ዘበኛችን ጡረታ ወጣ። ሕፃናቱ ጣቱን ይዘው እስከ በሩ ሸኙት።

እሜቴ ለእሱ የነበራት ፍቅር! ከመጣች ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ከእጄ አምልጣ ወደ እሱ ትሮጣለች። «እማ መች?» ትለዋለች። እሱ የእጅ ሰዓቱን አይቶ «ገና ናት» ወይም «ደረሰች» ይላታል። እኔን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ዘበኛው ይበቃታል።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ተጣላን።

መነጽር ዛሬ የአዲሱን ሰርቨር ከርነል ይዞ መጥቶ ልጄ ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ሥራዋ በእሱ ላይ ይነሣ እንደሆነ ለማየት። ከርነል ተነሥቷል። ኮንቴይነር ተነሥቷል። ቀጥሎ… ምንም። ጥቁሩ መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጠበቅን። ደግሞ አስነሣው። ምንም።

ሲያነብ ዋለ። ሻዩን ሁለተኛ ሳሞቅለት ወደ ኋላ ተለጠጠና አገኘሁት አለ። ደስ ያለው ግን አይመስልም።

የክትባቱ ሥራ ሰዓት ይፈልጋል። ነገ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቀው በሰዓት ነው። ሰዓቱን ማቀበል ያለበት ኮንቴይነሩ ነው። የልጄ ግን ኮንቴይነሩን ዘሎ፣ በቀጥታ ከከርነሉ ይወስዳል። የድሮው ከርነል ሰዓት ነበረው፣ ሲጠየቅ ይሰጥ ነበር። አዲሱ ለአፕሊኬሽን እጁን አይዘረጋም፣ ለኮንቴይነር ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ የልጄ ሥራ ይጠይቃል፣ መልስ የለም፣ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

«ልጄ ተሳሳተች ነው የምትለኝ?»

«አልተሳሳተችም። ቸኩላ ነው።»

ያኔ ኮንቴይነሩ ሰዓት አልነበረውም አለኝ። ይጨመርልን ብለው አለቃቸውን ጠየቁ። አለቃቸውን ልጄ ቶሎ በሉ ነበር የምትለው፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ያ ሰውዬ ያን ጊዜ ብቻ «ለሚቀጥለው ወር» አለ። እሷ ደግሞ ሕፃናት የሚቀጥለውን ወር አይጠብቁም አለችና ዘለለችው። አሁን ኮንቴይነሩ ሰዓት አለው። አንድ መስመር ማውጣት፣ አንድ መስመር ማስገባት ነው አለኝ።

«ከጻፈችው አንዲት ፊደል አትነካም።»

ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። እህቴ ከማድቤት ብቅ ብላ ተመለሰች። መነጽር እንግዲያው አይነሣም አለ፣ ቀስ ብሎ። አይነሣ አልኩ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ኮምፒውተሩን መልሼ በሻርፑ ጠቀለልኩት።

ምን እያደረግሁ ነው? ይቅር ነው የምለው? አይደለም። ይነካ? አይደለም… ከእሷ የቀረኝ የጻፈችው ብቻ ነው። ዛሬ አንድ መስመር ካወጡ ነገ ሌላ ያወጣሉ። መጨረሻ የማን ይሆናል?

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

አዲሱ ዘበኛ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራው በር ነው፣ በሩን ይጠብቃል። ሕፃን አጠገቡ ሲደርስ እኛን ይጠራል እንጂ ወሬ አይጀምርም። ልክ ነው።

እሜቴ ዛሬ እንደለመደችው ከእጄ አምልጣ ሄደች። «እማ መች?» አለችው። አልገባውም። ደግማ ጠየቀችው። ሰዓትም አላሰረ። እሱ ወደ እኔ ያያል፣ እሷ የእሱን እጅ ታያለች… አላለቀሰችም። ዝም ብላ እዚያው ቆመች። ስትጠብቅ። 

ሄጄ እጇን ያዝኩ። «እኔን ጠይቂኝ። እኔ እነግርሻለሁ።»

ገላመጠችኝ። እጇን ግን አላስለቀቀችም። ክፍል ከገባን በኋላ፣ መቼም እሜቴ ናት፣ ሙሉ ኩራቷን ይዛ ቀና አለችና «እማ መች?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አሳየኋት። ረጅሙ እዚህ ሲደርስ አልኳት። ሥሩ ተቀመጠችና አልንቀሳቀስም አለች።

ልጅቷ ያቺው ናት። ትእዛዟም ያው፣ ግልምጫዋም ያው። የምትጠይቀው ሰው ብቻ ነው የተቀየረው።

ከሥራ እንደወጣሁ መንገድ ላይ ቆሜ ለመነጽር ደወልኩ። እሑድ ና አልኩት።  

እሑድ፣ ሰኔ 1

የሚያወጣውን መስመር አሳየኝ። አጭር ናት። ይህችን ስትጽፍ ምን ለብሳ ነበር? ምን በልታ ነበር? …

የሚወጣው የት ይሄዳል አልኩት። አልጥለውም አለ። ከፊቱ ሁለት ጭረት ካደረግሁበት ማሽኑ አያነበውም፣ ከኋላችን የሚመጣ ሰው ግን ያነበዋል። ከሥሩ የራሱን ጻፈ። ሥራው ኮንቴይነሩን ሰዓት ስጠኝ እንዲል አይደለም አለኝ፤ ኮንቴይነሩ ራሱ ሲያስነሣው ሰዓቱን በእጁ እንዲያስይዘው ነው። እንደ ወተቱ።

ከመጫኑ በፊት ወደ እኔ ዞረ። «ልጫን?»

«ጫን፣ ልጄ።»

ሳላስበው ነው የወጣው። ሰምቷል፣ አንገቱን ደፋ።

ከርነል ተነሥቷል። ኮንቴይነር ተነሥቷል።

«እማ፣ ነቅቻለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ጮክ ብዬ። እንደ ድሮው።

እህቴ ከማድቤት «ማንን ነው?» አለች። መነጽርና እኔ ተያየን። ማን ያስረዳታል?

ሊሄድ ሲል የሚቀጥለው እሑድ ጠዋት አሮጌው ተዘግቶ አዲሱ እንደሚነሣ ነገረኝ። ጤና ጣቢያዎቹ ያን ጊዜ ሥራ አይበዛባቸውም። ይምጡ፣ አለቃችንን አስፈቅጃለሁ፣ ደግሞ ይደርቡ፣ ክፍሉ ይበርዳል አለኝ። በሩ ጋ ሲደርስ «አንድ ነገር አለ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ራስዎ ቢያዩት ይሻላል አለ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

ምን እንደምደርብ ሳስብ ሰነበትኩ። ኮት አለኝ። ግን ሻርፑን አጠብኩት። ሰማያዊው ለቀቅ አለ፣ ቢሆንም ያምራል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቀስ ብዬ ልጽፈው ነው። እንዳይቀርብኝ።

ክፍሉ በእውነት ይበርዳል። ድምፅ አለው፣ ብዙ ማራገቢያ አንድ ላይ እንደሚዞር። ሽቦው በየቀለሙ ታስሮ እንደ ተጎነጎነ ፀጉር ይወርዳል። አሮጌው ሰርቨር የእኔን ቁምሳጥን የሚያህል ይመስለኝ ነበር… የአልጋ አጠገብ ሣጥን ቢያክል ነው። ይህን ያህል እናት ያናገረው ይህ ነው?

ቶሎ በሉን አየሁት። አጠር ያለ፣ የቤት ልብሱን እንደለበሰ የመጣ፣ እሑዱን የተነጠቀ ሰው። ጨብጦኝ ልጅዎ ጎበዝ ነበረች አለኝ። ሰዓቱን አየ። ሁሉም ተዛውሯል፣ ገመዱን ነቅለን አዲሱን እናስነሣ አለ፣ እጁንም ወደ ገመዱ ሰደደ።

መነጽር አይሆንም አለ። በሥርዓት ነው የሚተኛው።

ቶሎ በሉ ተገረመ። እኔ እዚህ ከመጣሁ ይህ ማሽን በሥርዓት ተኝቶ አያውቅም አለ። መብራት ሲጠፋ ይወድቃል፣ መብራት ሲመጣ ይነሣል፣ ዛሬ ምን ተገኘ?

«ዛሬ እንግዳ አለን» አለ መነጽር።

ቶሎ በሉ ወደ እኔ አየ። እጁን ከገመዱ መለሰ።

ሲነሡ ከሥር ወደ ላይ እንደሆነ፣ ሲተኙ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ አፕሊኬሽኖቹ፣ ከዚያ ኮንቴይነሮቹ፣ ከርነሉ መጨረሻ። ኮንቴይነሩ ለአፕሊኬሽኑ ተኛ ይለዋል። እሱም የጀመረውን ጨርሶ፣ የያዘውን አስረክቦ ይተኛል። የመድኃኒቱ «ቆሟል» አለ። የሠራተኞች ተራ «ቆሟል» አለ። የልጄ ቆየት አለ። የዛሬን መልእክት ልኮ እየጨረሰ ነው አለኝ መነጽር በጆሮዬ። ከዚያ ወጣ።

«እማ፣ ልተኛ ነው። ደህና እደሪ።»

ይህን መስመር ማንም አይቶት አያውቅም። ሰርቨሩ ሁልጊዜ ድንገት ነበር የሚወድቀው። ድንገት ለወደቀ ተኛ የሚለው የለም፣ ደህና እደሪ የሚልበት ጊዜም አይኖረውም። መነጽር ነው፣ የጻፈችውን ሲያነብ ሲያነብ አይቶት፣ ሳይነግረኝ ይዞልኝ የቆየው።

ድንገት ለወደቀ…

ጽፋው ነበር። ማንም ባያየውም ጽፋው ነበር።

ቶሎ በሉ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ሰዓቱን አላየም። ኮንቴይነሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከርነሉ ብቻውን ትንሽ ቆየ፣ ሁሉም መተኛታቸውን እንደሚያይ ሰው። ከዚያ እሱም። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ… ጸጥ።

«ደህና እደሪ» አልኩ። እሺ አይደለም ያልኩት ዛሬ። ሙሉውን።

 መነጽር ወደ አዲሱ ሲሄድ ቶሎ በሉ ክንዱን ያዘውና «ቀስ በል» አለው። መነጽር ዞሮ አየው። እኔም አየሁት። ልጄ ብትኖር ይህን ሰምታ አንድ ሳምንት ትስቅ ነበር።

አዲሱ ተነሣ። የመድኃኒቱ ተናገረ፣ የተራው ተናገረ። ቀጥሎ «እማ፣ ነቅቻለሁ።» ቶሎ በሉ ይህችን መስመር እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም አለኝ። አመሰገንኩት። ግን ማስተካከል ካስፈለገ ይንኳት አልኩት። ዋናው መሥራቱ ነው።

እኔ ነኝ እንዴ ይህን ያልኩት?

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሳልነቃ አደርኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

የእሜቴ እናት ጠዋት ስታስረክበኝ ስልኳን እያየች ነበር። ነገ ክትባት አለባት አለችኝ። ከዚያ ሳቅ አለች። «ይስሙልኝ፣ ካለቀሰ እቀፉት፣ ቶሎ ይረሳዋል ይላል። የእርስዎ ቃል አይደል እንዴ? እርስዎ ነዎት የሚጽፉት?»

«ልጄ ናት የጻፈችው» አልኳት።

ውኃ ልቅዳ አላልኩም። ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደሞተች፣ ስሟን ጭምር ነገርኳት። እዚያው በሩ ላይ ቆመን፣ እሜቴ ቀሚሴን እየጎተተች «ነይ፣ ነይ» እያለች። እናቲቱ ስልኳን ኪሷ ከተተችና አቀፈችኝ። ቶሎ ይረሳል አላለችኝም። ደግ አደረገች።

ኮምፒውተሩን ትናንት ለመነጽር ሰጠሁት። ሊጡ ከዳቦው ጋር ይሁን፣ የሚጋግረው ሰው ጋ። በሁለት እጁ አቅፎ ሲወጣ በሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እሑድ ግን መምጣቱን አልተወም፣ ምሳ ለምዷል።

ጠረጴዛው ባዶ ስለሆነ እህቴ ዛሬ ከነሻንጣዋ፣ ከነድስቷ ገባች። እኔ ድስት እንደሌለኝ ሁሉ። አልጋውን አብረን አነጠፍነው። 

አሁን ከግድግዳው ማዶ ታንኮራፋለች። አሮጌው ሰርቨር ቁርጥ እሷን ነበር። እንዲህ እያንኮራፋች ልተኛ ነው፣ እንዴት አድርጌ እንደሆነ እንጃ… ተመስገን።